የኪራይ ቤት አማና ነው



ድሬዳዋ የተቆረቆረችው የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው። ባቡሩ ያመጣው ነጋዴና ሠራተኛ ሁሉ ቤት ይዞ አልመጣም፤ ተከራይቶ ገባ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ደግሞ ብዙው ተከራይ አከራዩ ቀበሌ ሆነ። ዛሬም አንዲት ክፍል አከራይታ ልጆቿን የምታሳድግ እናት በየሰፈራችን አለች።

ለሽምግልና ስንቀመጥ ደጋግመን የምንሰማው ክርክር «መስታወቱን ማን ሰበረው?» የሚል ነው። መልሱ እንደ ሕጉ ይለያያል። በኢጃራ ፊቅህ ቤቱ በተከራይ እጅ አማና ነው፤ ድንበር ካላለፈ ወይም ካልተዘናጋ አይከፍልም። እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 የዑስማኒያ መንግሥት ያወጣው መጀለም ይህንኑ ደንግጓል። እ.ኤ.አ. የ1804ቱ የፈረንሳይ ሕግ ግን የቤቱ ሁኔታ ካልተጻፈ፣ ሌላ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ተከራዩ ደህና ቤት እንደተረከበ ይቆጥራል። ወረቀት ከሌለ በአንደኛው አከራይ፣ በሌላኛው ተከራይ ይጎዳል።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ። በሸሪዓ ጎርፍ ያፈረሰውን ግድግዳ ተከራይ አይከፍልም። ግድግዳው ቀድሞ የተሰነጠቀ ቢሆንስ? ሳይገባ በፊት ካልተጻፈ ማን ይለየዋል?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ የዱቤ ውል እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆም አዟል፤ ጽሑፍ ጥርጣሬን ያርቃልና። አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። እኛ አንድ ገጽ ጨምሩበት እንላለን።

ቁልፍ ሳይሰጥ በፊት ሁለቱም ቤቱን አብረው ይዙሩ። ቆርቆሮውን፣ ኮርኒሱን፣ በርና መስኮቱን፣ ቧንቧውን፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ይዩ። የተሰነጠቀውን «ተሰንጥቋል»፣ የሚያፈሰውን «ያፈሳል» ብለው ይጻፉ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ስንት ላይ እንደቆመ ከነቀኑ ይመዝግቡ። በሞባይል ፎቶ ያንሱ። በሁለት ቅጂ ከሁለት ምስክር ጋር ይፈርሙ፤ ሲለቁም ያንኑ ወረቀት ይዘው ዳግም ይዙሩ።

«ወንድሜን አምነዋለሁ፣ ምን ያስጽፈኛል?» የሚል ይኖራል። ይሉኝታ ግን ብዙ ጎረቤት አኳርፏል። የምንጽፈው ባለመተማመን አይደለም፤ የሚረሳው ሰው ስለሆነ ነው። የሞተም እንደሆነ ልጆቹ ሐቃቸውን ያውቁበታል።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።