ሰው በቱሉ ዲምቱ፣ ኮት በአራት ኪሎ

ተረት ተረት ብዬ ብጀምር «የላም በረት» ልትሉኝ ነው። ላም በረት ደግሞ አቅጣጫው ሌላ ነው፤ የዛሬው ሰውዬ የሚሳፈረው ወደ ቱሉ ዲምቱ ነው። ስለዚህ ተረቱ ይቅርና እንዲሁ ላውጋችሁ።

ሰውየው አራት ኪሎ ካሉት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ከጥበቃው እስከ ዳይሬክተሯ ድረስ «ጋሼ» ነው የሚሉት፤ እኛም ጋሼ እንበለው። ጋሼ ትዳር ከያዘ ጀምሮ የኖረው ቀበና፣ ሰው ግቢ ውስጥ ተከራይቶ ነበር። ጠዋት ሻዩን ፉት ይልና ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዳገቷን ቀስ ብሎ ወጥቶ ቢሮ ይገባል። ምሳውንም ቤቱ በልቶ ይመለሳል። ሲያወሩት ገነት ይመስላል አይደል? አከራይቱን ስለማታውቋቸው ነው። ምጣድ የሚጣደው ቅዳሜ ብቻ። የግቢው በር ከምሽቱ 3 ሰዓት ይቆለፋል። እንግዳ በዛ ካለ በመስኮት ብቅ ብለው «ዛሬ ደግሞ ምን አላችሁ?» ይላሉ። መስከረም በጠባ ቁጥር እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ ይመጡና «ኑሮ እንደምታየው ነው ልጄ» ብለው ኪራይ ጨምረው ይሄዳሉ።

ጋሼም እንደ ከተማው ሰው ሁሉ ተመዘገበ። ኮንዶሚኒየም በ1996 ዓ.ም ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀምሮ በቀጣዩ ዓመት ምዝገባው ሲከፈት፣ ጋሼ ሰልፉ ውስጥ ነበር። በ2005 ዓ.ም ምዝገባው ሲደገም ተመዝጋቢው ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ፤ ጋሼ አሁንም ሰልፉ ውስጥ ነው። 20/80 በሚባለው መንገድ ሃያውን እጅ እሱ ይቆጥባል፣ ሰማንያውን ባንክ ያበድረዋል። ለመንግሥት ሠራተኛ ከዕጣው 20 በመቶ ተይዟል ስለተባለ ተስፋ አልቆረጠም፤ ከደመወዙ እየቆነጠረ ባንክ ከተተ። አንድ ቀን ስሙ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሚስቱ ያቀለጠችው እልልታ አከራይቱን ከቀትር እንቅልፋቸው ቀሰቀሳቸው። እኔ እንኳ ሆን ብላ ነው ባይ ነኝ።

ቤቱን ሊያዩ የሄዱ ዕለት ግን እልልታው በመንገድ ላይ ቀዝቀዝ አለ። ቱሉ ዲምቱ የፈጣን መንገዱ በር ናት። ከዚያ መኪና ያለው ሰው አዳማ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ ጋሼ በዚያችው ሰዓት አራት ኪሎ ከደረሰ ስለት አለበት። ባቡር አለ እንዳትሉኝ። መስከረም 2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ባቡር በዚህ በኩል ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የታክሲና የእግዜር ነው። ቤቱ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም፤ ወለሉ ሊሾ፣ ግድግዳው ያልተቀባ። ማስጨረሻውን ጋሼ ከመሥሪያ ቤቱ ብድርና ቁጠባ ማኅበር ተበድሮ፣ ሶፋውን በሰው ጀርባ አስወጥቶ ገባ። የመጀመሪያው ሌሊት ሚስቱ ምን አደረገች መሰላችሁ? ማክሰኞ ነበር። ምጣዷን ጣደች።

እንግዲህ ጠዋቱን ላሳያችሁ። ጋሼ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። ውኃ በፈረቃ ነው፤ ተራው የእነሱ የሆነ ሌሊት ቧንቧው መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ቀጥሎ ያንጎራጉራል፣ ከዚያ ይመጣል። ጀሪካኖቹ ሁሉ እስኪሞሉ ንቅንቅ የለም። ከዚያ የምሳ ዕቃውን ይዞ፣ በስልኩ መብራት ደረጃውን ወርዶ ወደ ፌርማታ። ፐብሊክ ሰርቪስ የሚሉት የመንግሥት ሠራተኞች አውቶቡስ አለ፤ መታወቂያህን አሳይተህ በነጻ ትገባለህ። ያ ከቀረህ ሰልፉ ነው፤ ታክሲ፣ ቅጥቅጥ፣ ሃይገር፣ የተገኘው።

እዚህ አውቶቡስ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጋሼ ሰፈር እሱ ነውና። በሕግ የታዘዘ ወንበር የለም፤ ግን እያንዳንዱ ወንበር ባለቤት አለው። ከሹፌሩ ጀርባ የጉምሩኳ እመቤት፣ በመስኮቱ በኩል የማታ ኮሌጅ የሚማረው ልጅ፣ ከኋላ ወሬኞቹ። ጠዋት ሁሉም ያንቀላፋል፤ ጭንቅላት በጎረቤት ትከሻ ላይ ቢወድቅ ይቅርታ አይጠየቅም። ማታ ደግሞ ሌላ ነው። አንዷ ፌስታል ጭኗ ላይ ዘርግታ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ አጠገቧ ያለችው ሳትጠየቅ አንድ ራስ አንስታ ታግዛታለች፤ ቃሊቲ ሲደርሱ የነገው ወጥ ግማሽ ሥራ አልቋል። ዕቁብ አላቸው፤ ዳኛዋ የጉምሩኳ ሴት ናት፤ ዕጣው የሚወጣው መብራት ይዟቸው ሲቆሙ ነው። ከመሃከላቸው አንዱ እናቱ ስትሞት ከብሎኩ ሰው ቀድሞ ለቅሶ የደረሰው አውቶቡሱ ነው። ጋሼ በገዛ ብሎኩ ፊት ለፊት በር ያለውን ሰው በስም አያውቀውም። ሲወጣ ጨለማ፣ ሲገባ ጨለማ። ሚስቱ ናት ሁሉንም የምታውቅ።

ቢሮ ስንገባ አስቂኙ ነገር ይመጣል። ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው የሩቁ ሰው ነው። 2 ሰዓት ተኩል የመግቢያ አሻራ ሲሰጥ ጋሼ መዝገቡን አቧራውን አራግፎ ሻዩን ጨርሷል፤ እዚያው አራት ኪሎ የሚኖረው ባልደረባው ግን እያለከለከ ነው። ጋሼ የጠዋቱን ትርፍ ሰዓት መልሶ የሚወስደው ማታ ነው። ሥራ የሚያበቃው 11 ሰዓት ተኩል ነው ይላል ደንቡ። አውቶቡሱም በዚያችው ሰዓት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ 10 ሰዓት ካለፈ ጋሼ ሰውነቱ ቢሮ፣ ዓይኑ መስኮት ላይ ነው። 11 ሰዓት ገደማ ይነሳል፤ ኮቱ ግን አይነሳም።

ኮቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አመድማ፣ ክርኑ የነጣ፣ ወንበሩ ላይ ትከሻውን አስተካክሎ የተቀመጠ። ጋሼ ለመንገድ ጃኬት አለው፤ ይሄ ለሥራ ነው። ባለጉዳይ ሲመጣ የጎን ጠረጴዛዋ ልጅ «አለ፣ ኮቱ እዚህ ነው፤ ስብሰባ ገብቶ ይሆናል» ትላለች። ውሸት አትሉትም፤ ኮቱ በእርግጥ አለ።

ላግዘው ብል አልችልም። ሰውየው መጥፎ ሰው አይደለም፤ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ወንበሩን ሊደርስ የሚሮጥ ሰው ነው። ግን የዚያ የሩቅ ቤት ዋጋ ሃያው በቁጠባ፣ ሰማንያው በባንክ ብቻ አልተከፈለም፤ የተረፈውን፣ ባዶ ወንበር ፊት የቆመው ባለጉዳይ ነው እየከፈለ ያለው። ይህን የሚቆጥር ሪፖርት አላየሁም።

ጋሼም ተማርሮ ነበር። አንድ እሑድ፣ ከብሎኩ የውኃ ሞተር ስብሰባ ሲመለስ ለሚስቱ «ቤቱን እናከራየው፤ ቀበና እንመለስ» አላት። መሸጥ እንኳ አይሞከርም፤ አምስት ዓመት ሳይሞላ አይቻልም። ተቀምጠው አሰሉት፤ የቱሉ ዲምቱ ኪራይ የቀበናን ሁለት ክፍል አይሸፍንም። ሚስቱ ሒሳቡን አልጠበቀችም። ልጆቹ በብሎኮቹ መሃል ብስክሌት ይነዳሉ፤ አየሩ ከጭስ የጸዳ ነው፤ በረንዳዋ ላይ በርበሬዋን አስጥታለች። «አንተ ሂድ» አለችው፤ «እኔ ምጣድ ለመጣድ ሰው አላስፈቅድም።» ነገሩ በዚህ ቀረ።

አሁን እማማን ላምጣቸው። እማማ የካዛንቺስ ሰው ነበሩ። በ2017 ዓ.ም ካዛንቺስ ለልማት ሲፈርስ ገላን ጉራ ደረሳቸው፤ ዕጣም ጋዜጣም ሳያዩ። ሟች ባለቤታቸው በእነ ጋሼ መሥሪያ ቤት የሠሩበትን ማስረጃ ከመዝገብ ቤት ይፈልጋሉ። ድሮ ቢሆን ከካዛንቺስ በእግራቸው ይመጡ ነበር። አሁን በታክሲ ላይ ታክሲ ይዘው መጡ፤ ኮቱን አገኙት። በሌላ ቀን ተመልሰው መጡ፤ ያኔም ኮቱ ነው ያለው። ልጅቷ ደንግጣ «ጠዋት ቢሞክሩ ይሻላል እማማ» አለቻቸው።

ጠዋት ሞከሩ። ጋሼ ሻዩን እንደጨረሰ ቀና ሲል፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አሮጊት ኮቱን ትክ ብለው እያዩ ቆመዋል። አስቀመጣቸው። ስም ጠየቀ፤ መደርደሪያው ላይ ወጣ፣ አንዱን ፋይል ጎትቶ፣ ሌላውን ገፍቶ አገኘው። አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ፎቶ ኮፒ አስነስቶ፣ ፈርሞ፣ ማህተም አስመትቶ ሰጣቸው። አምስት ደቂቃም አልፈጀ።

እማማ ወረቀቱን አጣጥፈው ጡታቸው ሥር ሸጎጡና አዩት።

«ተባረክ። ቤትህ ቅርብ ነው ልጄ?»

«የት ቅርብ እማማ፣ ቱሉ ዲምቱ ነኝ።»

«ውይ! እኔም እኮ እዚያው በኩል፣ ገላን ጉራ ነኝ» አሉት፤ «ታዲያ እዚያው ብንገናኝ ምናለበት?»