ሕክምናን በአንድ ካዝና፦ የካናዳ ገበሬዎች ታሪክ

እድራችን ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለታመመም ይክፈል የሚል አሳብ በየጠቅላላ ስብሰባው ይነሣል። አሳቡ መልካም ነው። ዳሩ ግን ዕድሜዬን በሒሳብ መዝገብ ያሳለፍሁ ሰው እንደመሆኔ መጠን፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ነገር ያስጨንቀኛል። ሞት ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው፤ በሽታ ግን ይመላለሳል። ስለዚህ ይህንኑ በአገር ደረጃ ስለሞከሩ ሰዎች ጥቂት ልጻፍ።

ካናዳ ውስጥ ሳስካችዋን የሚባል ስንዴ አብቃይ ክፍለ ሀገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1914 ሳርኒያ በምትባል የገጠር ወረዳ፣ ሐኪሙ ጥሎን እንዳይሄድ ብለው ከወረዳው ካዝና በዓመት 1,500 ዶላር ይቆርጡለት ጀመር። ነገሩማ የእድር ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ መዋጮው በግብር መልክ መሰብሰቡ ነው። ሌሎች ወረዳዎችም ተከተሉ።

በ1944 ቶሚ ዳግላስ የክፍለ ሀገሩ መሪ ሆነ። ይህ ሰው በልጅነቱ አጥንቱ ታሞ እግሩ ሊቆረጥ ነበር። ቤተሰቡ የሚከፍለው አልነበረውም፤ አንድ ሐኪም ተማሪዎቹ እንዲማሩበት ብሎ በነፃ አከመውና እግሩ ተረፈ። ታዲያ ዳግላስ ሥልጣን ሲይዝ ሁሉን በአንድ ቀን ልስጥ አላለም። በ1947 መጀመሪያ የሆስፒታል አልጋን ብቻ አስጀመረ። መዋጮው በነፍስ ወከፍ በዓመት 5 ዶላር፣ ቤተሰብ ቢበዛም ከ30 ዶላር አያልፍም። ይህ አይበቃም ነበር፤ ጉድለቱን የመንግሥት ግብር ሞላው።

የሐኪሙን ዋጋ ግን ለብዙ ዓመት አቆዩት። በ1957 የካናዳ ማዕከላዊ መንግሥት የሆስፒታል ወጪን በግምት ግማሹን ልጋራ ብሎ ሕግ አወጣ፤ ከ1958 ጀምሮም ከፈለ። በዚህ ጊዜ የክፍለ ሀገሩ ካዝና ትንፋሽ አገኘና በ1959 ዳግላስ ቀጣዩን እርምጃ አስታወቀ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው፤ ገንዘቡ ሳይታይ ቃል አልገቡም።

በ1962 ሐምሌ ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል የግለሰብ መዋጮ በዓመት 12 ዶላር፣ የቤተሰብ 24 ነበር፤ የቀረው ከግብር። ዳግላስ ወደ ፌዴራል ፖለቲካ ስለሄደ መሪው ውድሮ ሎይድ ነበር። ሐኪሞቹ መንግሥት አዛዥ ይሆንብናል ብለው ክሊኒካቸውን ለ23 ቀን ዘጉ። ከእንግሊዝ አገር ሳይቀር ሐኪም መጣ። በመጨረሻ ታረቁ፤ ሐኪሞቹ ደመወዝተኛ ሳይሆኑ ላከሙት ልክ እንዲከፈላቸው ሆነ። የሚገርመው፣ በሽተኛው ሳይከፍል የሚቀረው ዕዳ ስለቀረ የሐኪሞቹ ገቢ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

በ1966 የፌዴራሉ ሕግ ወጣ፤ እስከ 1972 ሁሉም ክፍለ ሀገሮች ገቡ። በ1974 ሳስካችዋን መዋጮውን ጨርሶ አስቀርታ ሁሉን በግብር አደረገችው። ወጪው ግን ማደጉን አላቆመም። ማዕከላዊው መንግሥትም በ1977 የወጪውን ግማሽ መክፈሉን ትቶ በተወሰነ ድጎማ ለወጠው፤ ከዚያ በላይ የሚመጣው ጭማሪ በክፍለ ሀገሮቹ ትከሻ ላይ ወደቀ።

በእኛም አገር በ2003 ዓ.ም. ግድም በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በመዋጮና በመንግሥት ድጎማ የቆመ ነው። የእድራችን ኮሚቴም የሕመም መዋጮ ከማስወሰኑ በፊት፣ መዋጮው ባይበቃ ጉድለቱን ማን እንደሚሞላ በጽሑፍ ያቅርብልን።