የመጠጥ ውሃ በዴንቨርና በአውሮራ፦ የመጨረሻዎቹ ሜትሮች የማን ናቸው?

በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው የኮሎራዶ ከተሞች ዴንቨርና አውሮራ የመጠጥ ውሃቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት በሮኪ ተራሮች ላይ ከሚቀልጠው በረዶ ነው። ውሃው ተጣርቶና ተመርምሮ ለነዋሪው ይሠራጫል። ሆኖም ከማጣሪያ ጣቢያ ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውሃ ቤት ሊገባ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩት ሊበከል ይችላል። የዚያ ቧንቧ ባለቤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የውሃ ድርጅቱ ሳይሆን የቤቱ ወይም የመሬቱ ባለንብረት ነው።

አሮጌ ቤቶች

በዴንቨር እስከ 1951 በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር የተሠሩ ቤቶችን ከዋናው መስመር ጋር የሚያገናኘው ቧንቧ ከእርሳስ የተሠራ ሊሆን ይችላል። እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል፤ ጉዳት አያስከትልም የሚባል መጠንም የለውም። የከተማዋ የውሃ ድርጅት ዴንቨር ዋተር በ2020 በጀመረው መርሐ ግብር ከ64 ሺህ እስከ 84 ሺህ እንደሚደርሱ የተገመቱትን የእርሳስ ቧንቧዎች በ15 ዓመታት ውስጥ ደንበኞችን በቀጥታ ሳያስከፍል ለመተካት አቅዷል። ቧንቧው እስኪተካ፣ ከተተካም በኋላ ለስድስት ወራት፣ ነዋሪዎች የውሃ ማጣሪያ ይሰጣቸዋል። ለሥራው ግን የባለንብረቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ውሃውን የሚጠጣው ተከራይ ቢሆንም የሚፈርመው አከራዩ ነው።

የተንቀሳቃሽ ቤቶች መንደሮች

ሞባይል ሆም በሚባሉት መንደሮች ብዙ ነዋሪዎች ቤቱ የራሳቸው ቢሆንም መሬቱን ይከራያሉ፤ የግቢው የውስጥ ቧንቧ የሚተዳደረው በመንደሩ ባለቤት ነው። ስለዚህ ከተማው ያቀረበው ውሃ ንጹሕ መሆኑ ብቻ በየቤቱ ለሚቀዳው ውሃ ዋስትና አይሆንም። ይህንን ክፍተት ለመድፈን ኮሎራዶ በ2023 ሕግ አወጣች። በሕጉ መሠረት የግዛቲቱ የጤናና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የመንደሮቹን ውሃ ይመረምራል፤ ውጤቱም ለነዋሪዎች ይገለጻል። ችግር ሲገኝ ማስተካከል የባለቤቱ ግዴታ ነው። አቤቱታ ያቀረበን ነዋሪ መበቀልም ተከልክሏል።

ነዋሪው ሊያውቀው የሚገባ

ለቡናም ሆነ ለሻይ ውሃ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ እርሳስን ግን አያስወግድም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውስጥ ያለው የእርሳስ ክምችት ይጨምራል። እርሳስ በጣዕም፣ በሽታም ሆነ በቀለም አይታወቅም፤ የሚለየው በላቦራቶሪ ምርመራ ነው። የሞቀ ውሃ እርሳስን በቀላሉ ስለሚያሟሟ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ከቀዝቃዛው ቧንቧ መቅዳት ይመከራል። የሕፃናት የዱቄት ወተት የሚበጠበጠው እርሳስን ለማስወገድ በተረጋገጠ ማጣሪያ ባለፈ ውሃ ቢሆን ይመረጣል። ስለ ቧንቧው ዓይነት ተከራይም ቢሆን የአካባቢውን የውሃ ድርጅት መጠየቅ ይችላል።