መሬቱ ሲሄድ የቀረችው ቤተ ክርስቲያን



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ «መዋጮ ያቋረጠ ሁሉ ከመዝገብ ይሰረዝ» ተብሎ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። እኔም በዕለቱ ዝም ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ሳወጣ ሳወርድ ግን አንድ የወጣትነት ነገር ትዝ አለኝ፤ ብዕር ያነሣሁትም እሱን ለመጻፍ ነው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝና ስሕተት ብታገኙ በይቅርታ እለፉኝ።

አባቶቻችን ሲያስተምሩ «ቤተ ክርስቲያን» የሚለው ቃል ሦስት ነገር ይይዛል ይላሉ። አንደኛ ሕንፃው ነው፤ ሁለተኛ የተጠመቀው እያንዳንዱ ክርስቲያን ነው፤ ሦስተኛ የምእመናኑ አንድነት ነው። በእኛ አገር ብዙ ዘመን ጎልቶ የታየው የመጀመሪያው ነበር። ከተማችን ራሷ ምስክር ናት። ድሮ መንቆረር ትባል ነበር፤ በ1873 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ስላሠሩ ደብረ ማርቆስ ተባለች። ደብር ሲደበር መሬትም አብሮ ይሰጥ ነበር። ካህኑ፣ ዲያቆኑ፣ ደብተራው ለአገልግሎቱ የሰሞን መሬት ይይዛል። ሕዝቡም «ቤተ ክርስቲያን ባለመሬት ናት፣ እኛን ምን ቸገረን» ይል ነበር።

ታዲያ በ1902 ዓ.ም. እዚሁ ደብረ ኤልያስ የተወለዱት አቡነ ቴዎፍሎስ በ1963 ዓ.ም. ሁለተኛው ፓትርያርክ ሆኑ። በእሳቸው ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም.፣ ቃለ ዓዋዲ የሚባለው ደንብ ወጣና በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ይቋቋም ተባለ። ካህኑም፣ ምእመኑም፣ ወጣቱም አብረው ተቀምጠው እንዲመክሩ፣ እያንዳንዱም እንደ አቅሙ አስተዋጽኦ እንዲያደርግ ሆነ። ያን ጊዜ ብዙው ሰው ነገሩን እንደ ቁም ነገር አልቈጠረውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው የሚለው አዋጅ ታወጀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። መሬት ለሌለው ሰው አዋጁ ትልቅ ነገር ነበር፤ ይህን አልክድም። የቤተ ክርስቲያን ቀለብ ግን ባንድ ዓመት ደረቀ። አቡነ ቴዎፍሎስም በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። አጽማቸው ተገኝቶ በክብር ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው። እኛ የእድር ሰዎች ነንና እስቲ አስቡት፤ ያን ያህል አባት 13 ዓመት ለቀስተኛ መቃብራቸውን ሳያውቅ ቀረ! የተከሉት ደንብ ግን አብሯቸው አልተቀበረም።

እኔ ያን ጊዜ ከከተማው ወጣ ባለች አንዲት የገጠር አጥቢያ ጎረምሳ ነበርኩ። ቄሶቹ እንደማንኛውም ገበሬ ድርሻቸውን ይዘው ማረስ ጀመሩ። ዕጣኑ፣ ጧፉ፣ የመገበሪያው ስንዴ ከየት ይምጣ? አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ተረኛው ዳቦውንና ጠላውን አቅርቦ፣ ነዳያኑ በልተው፣ ሙሴው ተነሡ። «ልጆቼ፣ ቤተ ክርስቲያን መሬቷ ተወሰደ ትላላችሁ። እናንተን ማን ወሰዳችሁ?» አሉ። ሰው ዝም አለ። ቀጥሎ አንዱ «እኔ አንድ ቁና ስንዴ» አለ፤ ሌላው «እኔ ጧፍ» አለ። ጽሕፈት እችላለሁና መዝጋቢ እኔ ሆንኩ።

ከጊዜ በኋላ የሰበካ ጉባኤው መዝገብ በእጄ ገባ። አንዲት ምስኪን ባልቴት ነበሩ፤ ምንም አይከፍሉም። እኔም እንደ ደንበኛ ጸሐፊ ስማቸውን በቀይ ሰረዝኩት። ሙሴው አዩና «ምን እያደረግህ ነው?» አሉኝ። «አልከፈሉም» አልኩ። «ልጄ፣ ይህ የዕዳ መዝገብ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ቅጥሩን በየሳምንቱ የሚጠርገው ማነው? ስማቸውን መልሰህ ጻፍ» አሉኝ። አፈርኩ። መልሼ ጻፍኩ። ሲያርፉም አጥቢያው በሙሉ ወጥቶ ቀበራቸው።

ወገኖቼ፣ እድር ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ በእድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለበት። ደንብ አይኑር፣ መዋጮ ይቅር ማለቴም አይደለም፤ ያለ መዋጮ ድንኳንም የለም። ነገር ግን እያለው የማይከፍለውና አጥቶ የማይከፍለው ባንድ ቀይ መስመር አይሰረዙ። ላጣው ወገን በጉልበቱ የሚያገለግልበት አንቀጽ ይጨመርለት። መሬቱ ሲሄድ ቤተ ክርስቲያንን ያቆማት ሰው ነው፤ ሰው ከሰረዝን ምን ይቀረናል?

እግዚአብሔር የሞቱትን ነፍስ ይማር፣ ያለነውን በፍቅር ያኑረን። አሜን።