ኪው ያለ ዩ፦ ለስክራብል ተጫዋቾች የሚበጁ እንግዳ የእንግሊዝኛ ቃላት

ስክራብል የተሰኘው የቃላት ጨዋታ 100 ጠጠሮች አሉት፤ 98ቱ ፊደል የተጻፈባቸው ሲሆኑ ሁለቱ ባዶ ናቸው። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የፈለሰፈው አሜሪካዊው አርክቴክት አልፍሬድ በትስ ነው። የየፊደሉን ብዛትና ነጥብ የመደበው ፊደላቱ በጋዜጣ ገጾች ላይ ምን ያህል እንደሚመላለሱ ቆጥሮ ነበር። በዚህም ስሌት ኪው የተጻፈበት ጠጠር አንድ ብቻ ሲሆን ዋጋው 10 ነጥብ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ፊደል አስቸጋሪ ነው። በእንግሊዝኛ ኪውን ዘወትር ለማለት ይቻላል ዩ ይከተለዋል፤ የዩ ጠጠሮች ግን አራት ብቻ ናቸው። ኪው እስከ ፍጻሜው ድረስ በእጁ የቀረበት ተጫዋች 10 ነጥብ ይቀነስበታል። ስለዚህ ከኪው ቀጥሎ ዩን የማይሹ ቃላትን ማወቅ ጨዋታን ያድናል።

ከእነዚህ ቃላት ብዙዎቹ ከዓረብኛ የመጡ ናቸው። ኪው ራሱ ከፊንቄ ፊደል የወረደ ሲሆን፣ ከዓረብኛው «ቃፍ» እና ከግእዙ «ቀ» ጋር አንድ ምንጭ ይጋራል።

የሚከተሉት ነጥቦች የሰሌዳው ተጨማሪ ነጥብ ያልታከለባቸው ናቸው፦

• ኪው-ኤ-ቲ፦ ጫት፤ ከዓረብኛው «ቃት»። 12 ነጥብ።
• ኤስ-ዩ-ኪው፦ ሱቅ፣ ገበያ። 12 ነጥብ።
• ኪው-ኤ-ዲ-አይ፦ ቃዲ፣ የሸሪዓ ዳኛ። 14 ነጥብ።
• ኪው-ኤ-ኤን-ኤ-ቲ፦ ቃናት፣ ከመሬት በታች የተቆፈረ የውኃ መተላለፊያ። 14 ነጥብ።
• ኤፍ-ኤ-ኪው-አይ-አር፦ ፈቂር፤ በዓረብኛ ድኻ፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ የሱፊ መናኝ። 17 ነጥብ።
• ኪው-ኦ-ፒ-ኤች፦ በዕብራይስጥ የ«ቀ» አቻ የሆነው ፊደል ስም። 18 ነጥብ።

ከኢትዮጵያ የተገኙ ቃላትም አሉ፦

• ቲ-ኢ-ኤፍ-ኤፍ፦ ጤፍ። 10 ነጥብ። በአንድ ኤፍ መጻፍም ይፈቀዳል፤ ያኔ 6 ነጥብ ይሆናል።
• ቢ-አይ-አር-አር፦ ብር፣ ገንዘቡ። 6 ነጥብ። በዚሁ አጻጻፍ «እንደሚሽከረከር ነገር ድምፅ ማሰማት» የሚል ትርጉም ያለው ሌላ ቃልም አለ።
• ኤን-ኢ-ጂ-ዩ-ኤስ፦ ንጉሥ። 6 ነጥብ። በወይን ጠጅና በሙቅ ውኃ የሚዘጋጅ መጠጥም በዚሁ ፊደል ይጻፋል፤ መጠሪያው ግን ከእንግሊዛዊው ኮሎኔል ፍራንሲስ ኒገስ የተወሰደ እንጂ ከንጉሥ ጋር የሚያገናኘው የለም።

የተጸውዖ ስሞች በጨዋታው አይፈቀዱም። የሰሜን አሜሪካው የቃላት ዝርዝርና በሌሎች አገሮች የሚሠራበት የኮሊንስ ዝርዝር ስለሚለያዩ፣ ተጫዋቾች ጠጠር ከማውጣታቸው በፊት በየትኛው እንደሚዳኙ ሊስማሙ ይገባል።