ሯጭ ወንድም ወይም እህት ላላችሁ፦ የመታሰቢያ ስኮላርሺፕና የስፖርት ስኮላርሺፕ እንዴት ነው የሚሰራው?

እህቴ፣ ከአርሲ፣ ከጉና ተራራ ስር፣ ከደብረ ብርሃን ወይም ከሌላ ደጋ አገር ከመጣሽ ከቤትሽ ወይም ከጎረቤት የሚሮጥ ልጅ አይጠፋም። አንድ ቀን ደሞ ስልክሽ ላይ እንዲህ የሚል ድምፅ ይመጣል፦ «እህትዬ፣ አሜሪካ የስፖርት ስኮላርሺፕ ደረሰኝ፣ ለፕሮሰስ 80 ሺህ ብር ላኪልኝ»። ልጁ ላይዋሽሽ ይችላል፤ እሱም የተነገረውን ነው የሚነግርሽ። ግን 80 ሺህ ብር ማለት ያንቺ የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ብሩን ሃዋላ ቤት ከመውሰድሽ በፊት ይሄ ነገር በትክክል ምን እንደሆነ እወቂው።

መታሰቢያ ስኮላርሺፕ ሲባል

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ በ40ው ወይም በ80ው ተዝካር ይወጣል፣ ድሃ ይበላል። በአሜሪካም የሟች ቤተሰብ ለነፍሱ ወይም ለስሙ አንድ ነገር ማድረግ ይፈልጋል። ብዙዎቹ ለቀስተኛውን «አበባ አታምጡ፣ የአበባውን ገንዘብ በስሙ ለሚከፈተው ሒሳብ ስጡ» ይላሉ። ከዚያ ሒሳብ በየዓመቱ ለተማሪ የሚሰጠው ገንዘብ ነው የመታሰቢያ ስኮላርሺፕ የሚባለው። ሟቹ አሰልጣኝ፣ ሯጭ ወይም የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ከነበረ ገንዘቡም ለስፖርተኛ ተማሪ እንዲሆን ይወሰናል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዋናው ገንዘብ አይነካም፤ ይሰራበትና ትርፉ ብቻ ይሰጣል። ለምሳሌ 100,000 ዶላር ተሰብስቦ በዓመት ከመቶ 4 ቢወጣለት 4,000 ዶላር ነው፤ ለሁለት ልጆች ሲከፈል ለእያንዳንዳቸው 2,000 ይደርሳል። አየሽ፣ «ስኮላርሺፕ» ሲባል እኛ ጋ ከአውሮፕላን ትኬት እስከ ምረቃ ድረስ ሁሉም የተከፈለ ይመስለናል። የመታሰቢያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ ጥቂት ሺህ ዶላር ነው፤ መጻሕፍትና የመኝታ ወጪ ያቃልላል እንጂ ኮሌጅ አያስጨርስም። ገንዘቡም ብዙ ጊዜ በልጁ እጅ አይገባም፣ በቀጥታ ወደ ኮሌጁ ሒሳብ ነው የሚሄደው።

ትልቁ ነገር ደሞ ይሄ ነው፦ እነዚህ ገንዘቦች የሰፈር ናቸው። በትንንሽ የተራራ ከተሞች የሚሰጡት «ከዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘንድሮ ለተመረቀ» ወይም «በዚህ ወረዳ ለሚኖር» ተብለው ነው የተጻፉት። ተማሪው ማመልከቻ ይሞላል፣ ስለራሱ አንድ ሁለት ገጽ ይጽፋል፣ አሰልጣኙና አስተማሪው ደብዳቤ ይጽፉለታል፤ ከዚያ ሟቹን የሚያውቁ ሰዎች ተሰብስበው ይመርጣሉ። ፈጣኑ ብቻ አይደለም የሚመረጠው፤ ውጤቱ ደህና የሆነ፣ ታናናሾቹን የሚያሰለጥን፣ ቤተሰቡ አቅም የሌለው ልጅም ይታያል። ስለዚህ አንድ ደላላ በቆጂ ላለ ልጅ «በአሜሪካ ተራራ ከተማ የመታሰቢያ ስኮላርሺፕ አውጥቼልሃለሁ» ቢል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሕጉ የውጭ አገር ልጅ ይፈቅዳል ወይ?» የሚለው ነው። አብዛኛው አይፈቅድም።

ስም በተራራ ላይ ሲቀር

በኮሎራዶ ግዛት ስቲምቦት ስፕሪንግስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ሕፃናቱ ከትምህርት በኋላ በረዶ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ለክረምት ኦሊምፒክ በጣም ብዙ ተወዳዳሪ በመላክም ትታወቃለች። ከልጆቿ አንዱ በዲ ወርነር እ.ኤ.አ. በ1964 ስዊዘርላንድ ውስጥ የበረዶ ናዳ ገደለው፤ ገና 28 ዓመቱ ነበር። ከዚያ የከተማዋ ተራራ በስሙ ተጠራ፣ ቤተ መጻሕፍቷም በስሙ ሆነ፣ የሕፃናት የሸርተቴ ውድድርም ስሙን ይዟል። ትንሽ ቦታ እንዲህ ነው፤ ሁሉም ሰው ሟቹን ያውቀዋል።

እኛ ይበልጥ የምናውቀው ስም ግን ስቲቭ ፕሪፎንቴይን ነው። ልጁ የተራራ ሳይሆን የባህር ዳር ልጅ ነው፣ ኩስ ቤይ ከምትባል የኦሪገን ከተማ። በሙኒክ ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ1972 በ5,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። የእኛው ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ነሐስ ካመጣ በኋላ ለ5,000ው ሳይደርስ የቀረበት ኦሊምፒክ ነው፤ አባቶቻችን ሲያወሩት ሰምተሽ ይሆናል። ፕሪፎንቴይን በ1975 በ24 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ። በዩጂን ከተማ በየዓመቱ የሚደረገው የፕሪፎንቴይን ውድድር በስሙ ነው። ጉዳፍ ጸጋይ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በ5,000 ሜትር 14 ደቂቃ ከ00.21 ሰከንድ ገብታ የዓለም ሪከርድ የሰበረችው እዚያ ነው። ሪከርዱን በኋላ ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት እዚያው ዩጂን ላይ አሻሽላዋለች።

በእኛ ተራራ

በቆጂ ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። ከእሷና ከአካባቢዋ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባና እህቶቿ ወጥተዋል። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ብዙዎቹን ገና ልጅ ሆነው ያሰለጠናቸው ስንታየሁ እሸቱ የስፖርት አስተማሪ ነበር። እዚህ ላይ ቆም በይ፦ የተገኙት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲቀር ከአሰልጣኙም ዓይን ይርቃል።

በእኛ አገር ግን ጎበዝ ልጅ ሲገኝ የሚወስደው ኮሌጅ ሳይሆን ክለብ ነው። መከላከያ፣ ንግድ ባንክ፣ ማረሚያ ቤቶች፣ ሌሎችም ክለቦች ደመወዝ ይከፍላሉ። ድሃ ቤት ውስጥ የወር ደመወዝ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም አይፈርድም። አሰላ ላይ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ የስልጠና ማዕከል አለ፤ አዲስ አበባም የስፖርት አካዳሚ አለ። ለሴት ልጆች ደሞ ገርልስ ጋታ ረን የሚባል ድርጅት በበቆጂና በሶዶ እየሮጡ ትምህርታቸው ላይ እንዲቆዩ፣ ቶሎ እንዳይዳሩ ሲያግዝ ቆይቷል፤ እናቶቻቸውንም በቁጠባ አደራጅቷል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ይሄኛው ነው። እግሯ ቢጎዳ እንኳ ደብተሯ እጇ ላይ ይቀራል። እኔ ከአስረኛ ክፍል ነው የወጣሁት፣ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ኬንያውያን በኮሌጅ መንገድ ቀድመውናል። ሄንሪ ሮኖ ከናንዲ ኮረብታ ሄዶ በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1978 በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ሪከርድ ሰበረ። ከእሱ በፊትም በኋላም ብዙዎች በዚያ መንገድ ሄደዋል። ምክንያቱ ሩጫ ብቻ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ ነው የሚማሩት፣ የኮሌጅ አሰልጣኝ በስልክ ሲያናግራቸው ይመልሳሉ።

ከዚያው ከኬንያ ተራራ፣ ኢቴን ከምትባለው የሯጮች ከተማ፣ ለእኛ ለሴቶች የሚከብድ ሌላ ታሪክ አለ። አግነስ ቲሮፕ በሴቶች ብቻ በሚሮጥ የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ውድድር 30 ደቂቃ ከ01 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ሪከርድ ከሰበረች አንድ ወር እንኳ ብዙም ሳያልፍ፣ በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ቤቷ ውስጥ በስለት ተገደለች፤ 25 ዓመቷ ነበር። በግድያው ባሏ ተከሷል። ሯጭ ጓደኞቿ በስሟ ቲሮፕስ ኤንጀልስ የሚባል ማኅበር አቋቁመው በቤታቸው ጥቃት የሚደርስባቸውን ሴቶች ይረዳሉ። ኤልዶሬት ላይም እ.ኤ.አ. በ2022 በስሟ የአገር አቋራጭ ውድድር ተደርጓል። ይሄም መታሰቢያ ነው። ሯጭ እህት ካለሽ የምትሮጥበትን ጫማ ብቻ አትጠይቂያት፤ ያሸነፈችው ብር በማን ስም ባንክ እንደገባም ጠይቂያት። እኛ ራሳችን የላክነው ብር በሰው ስም ገብቶ የቀረብን ስንቶች ነን።

እውነተኛው የስፖርት ስኮላርሺፕ

ከኢትዮጵያ ላለ ልጅ በር የሚከፍተው የመታሰቢያው ሳይሆን ኮሌጁ ራሱ የሚሰጠው የስፖርት ስኮላርሺፕ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት አብዛኛው ኤንሲኤኤ በሚባል ማኅበር ስር ነው። ዲቪዥን አንድና ዲቪዥን ሁለት ለስፖርት ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ዲቪዥን ሦስት ለስፖርት ብሎ አይሰጥም። እነ ሃርቫርድ ያሉበት ቡድንም ለስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም፤ በቤተሰብ ድህነት የሚሰጥ እርዳታ ግን አለው። የሁለት ዓመት ኮሌጆችም አሉ፣ ብዙ የውጭ ሯጮች በእነሱ ነው የሚጀምሩት። ከኮሌጆቹ መካከል ራሳቸው ተራራ ላይ ያሉ አሉ፤ ፍላግስታፍ ያለው የሰሜን አሪዞና ዩኒቨርሲቲና አላሞሳ ያለው አዳምስ ስቴት በሩጫ የታወቁ ናቸው፣ ሁለቱም ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው።

የሚፈለገው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ትምህርት። ዲቪዥን አንድ ከዘጠነኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል 16 ዋና ዋና ትምህርት ያያል፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ትምህርት። ኮሌጁ የእንግሊዝኛ ፈተናም ይጠይቃል። የእኛ አገር ትምህርት ደሞ ቀላል አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. የአስራ ሁለተኛ ክፍል ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 4 እንኳ አልሞሉም። ስለዚህ ወንድምሽ ሰዓቱ ጥሩ ሆኖ ክፍል የማይገባ ከሆነ የኮሌጁን መንገድ ከአሁኑ እየዘጋው ነው። ክለብ ገብቶ ደመወዝ መብላትና ትምህርት ጨርሶ ብዙ ዓመት መቆየትም ዕድሉን ሊያጠብበው ይችላል፤ እዚያ የሚፈለገው ተማሪ የሆነ ሯጭ ነው።

ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚያገኝ ጥቂት ነው። ብዙው ግማሽ ወይም ሩብ ነው፣ ቀሪውን ማን እንደሚከፍል ከመጀመሪያው በጽሑፍ መታወቅ አለበት። በተማሪ ቪዛ የሄደ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ከግቢ ውጭ መስራት አይችልም፤ ግቢ ውስጥም ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም። «ሄዶ ሰርቶ ይከፍላል» የሚል ደላላ ይሄን አይነግርሽም።

ዕድሜ ላይም አንድ ነገር ልበል። እኛ ለመምጣት ፓስፖርት ላይ ዕድሜ ያስጨመርን ብዙ ነን። ሯጮች ጋ ተቃራኒው ነው፣ ለወጣቶች ውድድር ይቀነሳል። በኋላ የልደት ካርዱ፣ የትምህርት ቤቱ ወረቀትና ፓስፖርቱ ሦስት የተለያየ ዕድሜ ይናገራሉ። ኮሌጁም ኤምባሲውም ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ያያሉ፤ እዚያ ላይ የወደቀ ልጅ የሰዓቱ ፍጥነት አያድነውም።

ብር ላኪ ሲሉሽ

እውነተኛ ስኮላርሺፕ ለመስጠት ብር የሚቀበል የለም። ኮሌጁ ልጁን ሲቀበለው አይ-20 የሚባል ወረቀት ይሰጠዋል፤ ይሄን ወረቀት መስጠት የሚችለው የአሜሪካ መንግሥት የፈቀደለት ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ከዚያ ልጁ በራሱ ስም ለመንግሥት የሚከፍለው ሴቪስ የሚባል 350 ዶላር አለ፤ የቪዛ ማመልከቻ ደሞ 185 ዶላር ነው። ክፍያዎቹ ስለሚቀያየሩ በኤምባሲው ገጽ ላይ ይረጋገጥ። ሁለቱም በይፋዊው መንገድ ይከፈላሉ፣ ደረሰኝ አላቸው፣ ወደ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ አይገቡም።

ስለዚህ ልጁን አራት ነገር ጠይቂው፦ የኮሌጁ ሙሉ ስም ማነው፣ አሰልጣኙ በኮሌጁ ኢሜይል ነው ወይ የጻፈልህ፣ ስንት ዶላር ተሸፍኖ ስንት እንደሚቀር የሚል ደብዳቤ አለ ወይ፣ አይ-20 መጥቷል ወይ። ከዚያ ደላላው በሰጠው ስልክ ሳይሆን የኮሌጁን ገጽ ራስሽ ፈልገሽ ባገኘሽው አድራሻ ጻፊላቸው። እንግሊዝኛ ካልቻልሽ የምትችል ልጅ ፈልጊ፤ በየከተማው በእኛ ሰዎች መካከል አትጠፋም። መልስ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ምንም አይሆንም። «ዛሬ ካልተላከ ዕድሉ ያልፋል» ካሉሽ ግን ከአገር ስትወጪ የሰማሽው ድምፅ ነው፤ ታውቂዋለሽ።

ብር መላክ ካለብሽም የሚላክበት ነገር አለ፦ የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ የአስራ አንደኛና የአስራ ሁለተኛ ክፍል መጻሕፍት፣ ደህና ጫማ፣ ወረቀቶቹን አስተርጉሞ ማረጋገጥ፣ የፓስፖርት ክፍያ። ሰዓቱንም ከውድድሩ ስምና ቀን ጋር ይጻፈው፣ ቪዲዮም ይያዝ፤ የኮሌጅ አሰልጣኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።