የአል አዚዚያ 58 ዲግሪ፦ ለዘጠና ዓመት የኖረ ክብረ ወሰን

የአየር ጠባይን የሚመለከት አኃዝ አንድ ጊዜ በመጽሐፍ ከሠፈረ በኋላ ማን፣ በምን መሣሪያ፣ በምን ዓይነት ቦታ ላይ እንደ ለካው የሚጠይቅ አንባቢ ጥቂት ነው። የዚህን ጥያቄ ክብደት ከሚያስረዱ ታሪኮች አንዱ ከትሪፖሊ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው የሊቢያ ከተማ በአል አዚዚያ የተፈጸመው ነው።

እንደሚታወቀው፣ ማንኛውም ቴርሞሜትር የሚያመለክተው የራሱን ሙቀት ነው። ፀሐይ በቀጥታ ካረፈችበት ወይም የጋለ መሬት ካጠገቡ ካለ፣ ንባቡ ከአየሩ ሙቀት በእጅጉ ይለያል። ይህን ችግር ለማቃለል የባሕር ጠረፍ መብራቶችን በመሥራት የታወቀው የስኮትላንድ መሐንዲስ ቶማስ ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1864 ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ጎኖቹ ነፋስ አስገብተው ፀሐይን በሚከላከሉ ዘንበል ያሉ ጣውላዎች የተሠሩ የእንጨት ሣጥን ነደፈ። እ.ኤ.አ. በ1873 በቪየና የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሜትሮሎጂ ጉባኤ ደግሞ የልዩ ልዩ አገሮች ልኬት እርስ በርሱ የሚነጻጸርበትን ሥርዓት መሠረት ጣለ። ይሁን እንጂ የሥርዓቱ ፍሬ በየጣቢያው ባለው መሣሪያና ሰው ላይ የተመሠረተ ነበር።

ሊቢያ በኢጣልያ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1922 በአል አዚዚያ ጣቢያ 58 ዲግሪ ሴልሲየስ ተመዘገበ። ይህም አኃዝ በምድር ላይ ከተለካው ሁሉ የላቀ የአየር ሙቀት ተብሎ ለዘጠና ዓመታት ሲጠቀስ ኖረ። በመጨረሻ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ጉዳዩን የሚመረምር የባለሙያዎች ኮሚቴ አቋቋመ። ከአባላቱ አንዱ የነበሩት የሊቢያው የሜትሮሎጂ ባለሙያ ኤል ፋድሊ በእጅ የተጻፈውን የጣቢያውን መዝገብ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአገራቸው በተነሣው ጦርነት ምክንያት ከእርሳቸው ጋር የነበረው ግንኙነት ለወራት ተቋርጦ፣ ምርመራውም ቆሞ ነበር።

ከመዝገቡ እንደ ታየው፣ ክብረ ወሰኑ ሊመዘገብ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የመዝጋቢው የእጅ ጽሕፈት ተለውጧል፤ አዲሱም ሰው ቍጥሮቹን የሚያሠፍረው በተሳሳተ ዐምድ ውስጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው መሣሪያ የዩ ቅርጽ ባለው ቱቦ ውስጥ ሜርኩሪው ትንሽ ጠቋሚ እየገፋ ከፍተኛውን ሙቀት የሚያሳይ አሮጌ ዓይነት ቴርሞሜትር ነበር። ሜርኩሪው ሲመለስ ጠቋሚው ባለበት ይቀራል፤ ትክክለኛው ንባብም በታችኛው ጫፉ በኩል ያለው ነው። ልምድ የሌለው ሰው የላይኛውን ጫፍ ቢያነብ ግን እስከ 7 ዲግሪ የሚደርስ ስሕተት ይፈጽማል። በተጨማሪም መሣሪያው የቆመበት መሬት ሬንጅ መሰል ነገር የለበሰ ስለ ነበረ የበረሃውን አፈር አይወክልም። አኃዙም ከአጎራባች ጣቢያዎችና ከዚያ በኋላ በዚያው ጣቢያ ከተወሰዱት ልኬቶች ጋር አልተስማማም።

በመሆኑም ድርጅቱ ልክ በዘጠናኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 2012 ክብረ ወሰኑን ሠረዘው። ቦታውን የያዘው በአሜሪካ ዴዝ ቫሊ እ.ኤ.አ. በ1913 የተለካው 56.7 ዲግሪ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከተጠራጣሪዎች አላመለጠም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ስሕተቱን የወለደውም ያረመውም ያው መዝገብ መሆኑ ነው። ወረቀቱ ጠፍቶ አኃዙ ብቻ ተርፎ ቢሆን ኖሮ፣ ጥርጣሬው ጥርጣሬ እንደ ሆነ በቀረ ነበር።

ጉዳዩ የሊቢያ ብቻ አይደለም። በአገራችን ዳሎል ሰው ከኖረባቸው ሥፍራዎች ሁሉ ከፍተኛው አማካይ ዓመታዊ ሙቀት ያለባት ተብላ የምትጠቀሰው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተወሰዱ ልኬቶች ነው። እንዲህ ያለ አጭር ልኬት ዋጋ የሚኖረው መሣሪያውና አሠራሩ አብረው ተመዝግበው ሲቆዩ ነው። ከዝናብ መዝገብ ተነሥቶ የድልድይ ከፍታ ወይም የውሃ መውረጃ ስፋት የሚያሰላ መሐንዲስም ሥራውን የሚያቆመው በማያውቀው ሰው ንባብ ላይ ነው። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ በተተከለ ቍጥር የተተከለበት ቀን፣ የቦታው ሁኔታና የመዝጋቢው ለውጥ ከቍጥሩ ጎን ይጻፍ፤ አሮጌውም መዝገብ ከመጋዘን እርጥበትና ከምስጥ ይጠበቅ።